የነብሮ ዋስ

ክንዱ ከኮኪት ደውሎ «መምህር፣ ጋሽ አበጀ አረፉ» ሲለኝ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ኩላሊታቸው እንዳስቸገራቸውና ለሕክምና ጎንደር እንደሄዱ አውቃለሁ፤ ይመለሳሉ ብዬ ግን ነበር የማስበው። ደወል ተደወለ፤ ክፍል ገባሁ፤ ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ርዕስ ጻፍኩ። ከርዕሱ በታች ምን እንደሚከተል ጠፋኝ። ጠመኔ ይዤ እንደቆምኩ ተማሪዎቹ አዩኝና ዝም አሉ። ዝም ሊያሰኟቸው የማይቻል ተማሪዎች ናቸው።

ለቅሶው ላይ ሹፌሮቹ ስለ ጎሚስታው አበጀ ያወሩ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ድሮ በሰሊጥ እርሻ ላይ ሠራተኛ ያሰማሩ ስለነበሩት ስለ ካቦው አበጀ። እኛ የድንኳኑን ጥግ ይዘን ተቀምጠናል፤ ሁላችንም ወጣቶች፣ ግማሾቻችን በአካል ስንተያይ የመጀመሪያችን። አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት ወደኛ ዞሩ።

«እናንተስ የማን ወገን ናችሁ?»

«የጋሽ አበጀ የጨዋታ ጓደኞች ነን፣ አባቴ» አለ ክንዱ።

«የምን ጨዋታ? ገበጣ?»

«ተኩስ ነው። በስልክ።»

አዛውንቱ ፊታችንን ተራ በተራ አዩት። «አበጀ? ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞረው?»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ማስረዳት ልማዴም ሥራዬም ነው።

ሸሕዲ የተመደብኩት ኮምፒውተር እንዳስተምር ነው። የተከራየኋት ክፍል ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከጋሽ አበጀ ጎማ መጠገኛ ጀርባ ነበረች። ከእንጨትና ከሣር የተሠራች ራኩባ ነበረቻቸው። በዚያ በቆላው ፀሐይ ከሷ የተሻለ ጥላ ስለሌለ ጎማው የፈነዳበትም ያልፈነዳበትም እዚያ ይቀመጣል። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ድምፃቸው ዝቅተኛ ነው፤ ሰው አልሰማቸው ሲል ይብሱን ዝቅ ያደርጉታል እንጂ ከፍ አያደርጉትም። ሹፌር ሲጮህባቸው «እሺ ጌታዬ» ብለው የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይነክሩና አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያያሉ። «ፉጨቱ የሚሰማበት ሌላ፣ የተበሳው ሌላ» ይሉ ነበር። እኔ ይህን ስለ ጎማ ብቻ የተባለ አድርጌ እሰማው ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«መምህር፣ እናንተ የምትታኮሱበትን ነገር አስገባልኝ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?»

«ሰለሞን ይጫወተው ነበር።»

ሰለሞን አንድ ልጃቸው ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች በዚያች ራኩባ ሥር፣ ጎማ ላይ እያስቀመጡ ነው ያሳደጉት። እኔ ከመምጣቴ በፊት ተጣልተው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ። ገዳሪፍ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል ተብሎ ነበር። ከዚያ እዚያ አገር ጦርነት ሲነሳ ወዴት እንደሄደ ጠፋ፤ ስልክ ቁጥሩንም ቀየረ። በሕይወት መኖሩን የሚሰሙት ከሰው ከሰው ነው።

የጋሽ አበጀ ሐሳብ ጨዋታው ውስጥ ገብተው ልጃቸውን መፈለግ ነበር። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ አራት አራት ሰው ቡድን ይሠራል፤ በጃንጥላ አንድ ደሴት ላይ ይወርዳል፤ እየተታኮሰ ይቆይና መጨረሻ ላይ የቀረው ቡድን ያሸንፋል። የአንድ ቡድን ሰዎች በየሀገሩ ሆነው በድምፅ ይነጋገራሉ። እሳቸው ደሴቲቱን እንደ ሸሕዲ የሠራተኛ ገበያ ነበር ያሰቧት። በአጨዳ ወራት የምትፈልገው ሰው ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ፣ መንገድ ዳር ቆመህ ከዋልክ ማለፉ አይቀርም። እኔ ወረቀት አውጥቼ በሥዕል አስረዳኋቸው፤ ደሴቲቱ አንድ አይደለችም፣ በአንድ ጊዜ እልፍ ደሴቶች ይከፈታሉ፣ በየአንዳንዱም ሌላ ሌላ ሰው ነው ያለው። በትሕትና ሰሙኝ።

«ቢሆንም» አሉ፣ «የገባ ሰው ይገኛል።»

አስገባሁላቸው። ከመጫወታቸው በፊት እጃቸውን በነጭ ጋዝ ከዚያም በሳሙና ይታጠባሉ፤ የጎማ ጥላሸት ላለበት ጣት ስልኩ አይታዘዝም። የኛ ቡድን የሸሕዲ፣ የኮኪትና የሽንፋ ልጆች፣ ከዚህ ወጥተው በየሀገሩ የተበተኑትም ያሉበት ነው፤ አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። እዚያ ጨመርኳቸው። ማይካቸውን ከፍተው አያውቁም። ተኩስ ሲሰሙ ቤት ጀርባ ይደበቃሉ፤ ሰው ላይ ተኩሰው ሲመቱ ደግሞ «ይቅርታ» ሲሉ አጠገባቸው ሆኜ ሰምቻለሁ። ልጆቹ «ዝምተኛው ሽማግሌ» አሏቸው።

በቡድናችን ነብሮ የሚባል ነበረ። ይህ የጨዋታ ስሙ ነው፤ ትክክለኛ ስሙን ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም። ተኳሽነቱ ግሩም፣ አፉ ግን እሳት። የሳተውን ይሰድባል፣ የዘገየውን ይሰድባል፣ ከመሞቱ በፊትም ከሞተ በኋላም ይሰድባል። በሱ ምክንያት ሁለት ልጆች ቡድኑን ጥለው ወጥተዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ራኩባው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጫወት፣ ነብሮ ክንዱ ላይ ጮኸ። ክንዱ ኮኪት አንድ ሰፊ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ ጎጃሜ ነው፤ ኔትወርክ የሚያገኘው ትራክተሩ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

«አንተ ዝናብ የመታህ ሂላ! ቆመህ ልትደርቅ ነው እንዴ? ተኩስ እንጂ!»

ሂላ ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እንዲደርቅ የሚቆምበት ክምር ነው። ሳይራገፍ ዝናብ ከያዘው ይጠቁራል፤ ለምንም አይሆንም።

የጋሽ አበጀ ስልክ ጭናቸው ላይ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ሞቱ እኮ!» አልኳቸው፤ በጨዋታው ማለቴ ነው።

«ልጄ ነው» አሉ።

«ማን?»

«ድምፁ በተኩሱ መሀል ጠፍቶኝ ነበር፤ ይህን ስድብ ግን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ መምህር። ከኔ አፍ ሌላ ሰምቼው አላውቅም።» ስልኩን አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት፤ ውስጡ የሚሰማው ተኩስ ብቻ ነበር። «ሰሊጥ አይጠብቅም። ከደረሰ ዛሬ ነው፤ ነገ መሬት ላይ ፈስሶ ታገኘዋለህ። ካቦ ሆኜ ያን ሁሉ ክንድ በምላሴ ነው የነዳሁት። ቤት ስገባ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ ምላሴን ግን አላወልቃትም። የሄደ ቀንም እዚህ፣ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ቆሞ፣ ይህንኑ ነው ያልኩት። ዝናብ የመታህ ሂላ፣ ለምንም አትሆንም አልኩት።»

«ታዲያ ማይኩን ይክፈቱና ያናግሩት!»

«ድምፄን ከሰማ ይወጣል። ይስደብ። እኔ እሰማዋለሁ።»

በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክበብ ውስጥ «ተጫዋቾች ለምን ይሳደባሉ?» የሚል ውይይት መርቼ ነበር። ሰሌዳው ላይ በቅደም ተከተል ጽፌያለሁ። ፊት ለፊት ስለማይተያዩ፤ የተሸነፈ ሰው ጥፋተኛ ስለሚፈልግ፤ ኔትወርክ የተቆረጠበት ሰው ለሌላው ሰነፍ ስለሚመስል፤ ለተናገሩት የሚጠይቃቸው ስለሌለ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ሙቀትም ነው፣ መምህር» ስትል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እሱንም ጻፍኩት። ዛሬም አንዱንም አልሰርዝም፣ ሁሉም ትክክል ናቸው። ግን ሁሉም ስድቡ ስልክ ውስጥ ከገባ በኋላ ስላለው ነገር ነበሩ። ከመግባቱ በፊት የት እንደኖረ አልጻፍኩም።

ልጆቹ ነብሮ ይባረር እያሉ ወጠሩኝ። እኔ በበኩሌ ረዘም ያለ መተዳደሪያ ደንብ አርቅቄ ለጋሽ አበጀ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ታገሱኝና «ይህን ሁሉ ማን ያስታውሳል? እኛ እርሻ ላይ ዋስ ነበረን» አሉ። ከደጋ የመጣ ሠራተኛ ማንም አያውቀውም፤ ስለዚህ ሲቀጠር «ዋስህ ማነው?» ይባላል። ከአጨዳው መሀል ጥሎ ቢጠፋ የሱን ድርሻ ዋሱ ያጭዳል። ሐሳቡ ደስ አለኝ። ወዲያው ደንብ አደረግኩት፦ እያንዳንዱ አባል ከቡድኑ ዋስ ይጥራ፤ የተሳደበ እንደሆነ ከቡድኑ የሚወጣው ዋሱ ነው። ጓደኛውን ሊያስቀጣ የሚደፍር የለም ብዬ በጣም ኮራሁበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም በድምፅ ተሰበሰበ፤ ሁሉም ዋስ አገኘ። ነብሮ ቀረ።

«እኔ ለነብሮ ዋስ ከምሆን ለጊንጥ ብሆን ይሻለኛል» አለ ክንዱ።

«ማን ለመነህ? ትራክተርህን ንዳ!» አለ ነብሮ። ከዚያ ግን አልወጣም። ጠበቀ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ጣታቸውን ወደ ስልኩ ሲሰዱ አየሁ። ማይኩ ተከፈተ።

«እኔ እሆነዋለሁ።»

ያን ዝቅ ያለ ድምፅ ከኔ በቀር ከልጆቹ ማንም በጨዋታው ሰምቶት አያውቅም። የነብሮ ስም ስልኩ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ።

ጋሽ አበጀ ስልኩን እያዩ ተቀመጡ። «ይመለሳል» አልኳቸው።

በሳምንቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ። ሽማግሌው መናገር ስለጀመሩ ሁሉም አንቱ ይላቸው ጀመር፤ አንቱ እያሉ መታኮስ ደግሞ ቀላል አይደለም። «ጋሼ፣ ይጎንበሱ! ኧረ ይጎንበሱ!» ይላል አንዱ። «በአምላክ፣ ከበርሜሉ ጀርባ ይውጡ እንጂ፣ ሰዎቹ መጡብዎት!» ይላል ክንዱ። «መጣሁ ልጄ፣ ጉልበቴን ነው» ይላሉ እሳቸው፣ የሚሮጠው በስልክ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሆኖ ሳለ። ነብሮ ብዙ አይናገርም ነበር። ስድብ ግን አንድም አልወጣውም። አባትና ልጅ በስም አልተጠራሩም፣ ስለ ምንም አልተነጋገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ ነብሮ «ከኋላዎ ነው። በግራ» አለ። ጨዋታው ሲያልቅ ጋሽ አበጀ ክንዴን ያዙኝ።

«ሰማኸው? ከኋላዎ ነው አለኝ።»

ሰኞም፣ ማክሰኞም ነገሩኝ። ጎማ ሊያስጠግን ለመጣ የማያውቁት ሰው ሁሉ «ልጄ ከኋላዬ የሚመጣውን ያይልኛል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቅዳሜ እኔ፣ እሳቸው፣ ነብሮና ክንዱ ሆነን መጨረሻው ላይ ደረስን፤ ደሴቲቱ ላይ የቀረው ሌላ አንድ ቡድን ብቻ ነበር። ያን ያህል ቀርበን አናውቅም። ክንዱ የተደበቅንበትን ቤት በር እንዲጠብቅልን ነግረነዋል። በድንገት የክንዱ ሰውዬ በሩ ፊት ሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንጠራዋለን፤ አይሰማም፣ አይተኩስም፣ አይሸሽም። በሱ በኩል ገቡብንና ሁላችንንም ጨረሱን።

«አንተ ዝናብ የመታህ ሂላ!» ነብሮ ፈነዳ። «ባዶ ጆንያ! ደግፈው ካላቆሙህ የማትቆም! አንተን ብሎ ጓደኛ!» ብዙ ነው የተናገረው፤ ሁሉንም አልጽፈውም። ከዚያ ራሱን የሰማ ይመስል መሀል ላይ ቆመ።

ክንዱ ዘግይቶ ተመልሶ ገባ። «ምን ሆናችሁ? ኮኪት ዝናቡ ወርዶ ኔትወርኩን ወሰደው፤ ትራክተሩ ላይ በስብሼ ቀረሁ እኮ።» አንዱ ልጅ የተሰደበውን ነገረው። ክንዱ ሳቀ። «ዝናብ የመታህ አለኝ? ታዲያ እውነቱን ነው!»

ሁላችንም ሳቅን። «ይለፈው፣ ይለፈው» ተባባልን። እኔም አስተባባሪው አብሬ አልኩ።

«ክንዱ ምሮታል፤ እግዜር ይስጠው» አሉ ጋሽ አበጀ። «እኔ ግን ዋስ ነኝ።»

ወጡ።

እዚያው ራኩባው ሥር ለመንኳቸው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔው እሽረዋለሁ አልኳቸው። ያልተሳደበውን ሰው የሚቀጣ ደንብ ጎደሎ መሆኑ የገባኝም ያን ጊዜ ነው።

«ስሰድብ በኖርኩበት ዘመን ማንም ምንም አላስከፈለኝም» አሉ። «አሁን ልክፈል።»

«የልጅዎን ድምፅስ?»

«እሱን ነዋ የከፈልኩት።»

ተነስተው በታጠበው እጃቸው ወደ ጎማቸው ተመለሱ። ለመጫወት ካልሆነ ንጹሕ እጅ ምን ያደርጋል።

በሳምንቱ ነብሮ ገባ። ገና ሌላ ሰው ሳይመጣ እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

«ሽማግሌው የሉም?»

«ወጥተዋል።»

«ለምን?»

«ደንቡን ታውቀዋለህ፣ ነብሮ።»

«ጨዋታ እኮ ነው!»

«ለሳቸው አልነበረም።»

ከበስተጀርባው የሆነ ሞተር ይሰማ ነበር።

«ስልካቸው ያው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ያው ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ሰላም ልበላቸው ብዬ ጎራ አልኩ። ወደ መተማ የሚሄድ ሚኒባስ አንድ እግሩ ተፈትቶ ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ ውስጡ ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ «ቶሎ በል ሽማግሌ! ሰው ሊወርድብኝ ነው!» ጋሽ አበጀ የላስቲኩ ቀዳዳ ላይ የለጠፉትን ቁራጭ በሁለት አውራ ጣታቸው ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ማስቲሹ እስኪይዝ መልቀቅ አይቻልም።

አጠገባቸው በርሜል ላይ ያለው ስልካቸው ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነው።

«መምህር፣ ጆሮዬ ላይ ያዝልኝ።»

ያዝኩላቸው። ቅርብ ስለነበርኩ ሁሉም ይሰማኛል።

«አባባ።»

«አቤት» አሉ።

አውራ ጣቶቻቸውን ከላስቲኩ ላይ አላነሱም።

«ጁባ ነኝ።»

«ደህና ነህ? ትበላለህ?»

«እበላለሁ። ማን ለምኖዎት ነው ዋስ የሆኑኝ?»

«ማንም።»

«ይኸው በኔ የተነሳ ወጡ።»

«ሰለሞን» አሉ፤ ድምፃቸው በጣም ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሁት። «ያ ስድብ የኔ ነው። እኔ ነኝ የሰጠሁህ። መልስልኝና አንተ እረፍ፣ ልጄ።»

ስልኩ አልተዘጋም።

ሹፌሩ የመኪናውን ጥሩንባ አስጮኸና እየተንደረደረ መጣ። «ኧረ ሽማግሌ! አሁን የስልክ ጊዜ ነው? አንተ...» ቀሪው ስድብ አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

ጋሽ አበጀ ቀና አላሉም። «ልጄ ነው» አሉት። «ካናገረኝ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ሹፌሩ እኔን አየኝ፤ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩለት። ተመለሰና የመኪናውን ሞተር አጠፋ። ለተሳፋሪዎቹ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ አንድ በአንድ እየወረዱ ራኩባው ሥር ተቀመጡ፣ ስንት ሰዓት ሆነ ያለ የለም። ሹፌሩ መጥቶ ጋሽ አበጀ አጠገብ ቁጢጥ አለ። አውራ ጣቶቹን ከሳቸው ጣቶች ጎን ላስቲኩ ላይ አሳረፈ።

«ይልቀቁት አባቴ፤ እኔ እይዘዋለሁ» አላቸው። «እርስዎ ስልክዎን ይያዙ።»